የከሰሰ ይባረር? ስለ ቂም ስንብትና ስለ ፍርዱ ታሪክ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። አባባሉ ግን አብሮ አልወረደም። ከግቢ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ፤ ከፋብሪካ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ሱቅ ተዛወረ። «ልጄ፣ ካለቃህ ጋር ክስ አትግጠም፤ እንጀራህን ይቆርጡብሃል» የሚል ምክር ካባቱ ወይም ከናቱ ያልሰማ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነውና አናቃልለውም። ሆኖም ይህን ፍርሃት ለመሻር የወጣ ሕግ ባገራችን አለ፤ ያውም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እየታደሰ የመጣ። ታዲያ ሕጉ ካለ ፍርሃቱ ስለ ምን አልሞተም? ጥያቄያችን ይኸው ነው። ጠበብ አድርገን ስናስቀምጠው፦ አንድ ሠራተኛ አቤት በማለቱ ወይም በመክሰሱ ቢባረርና «የተባረርኩት በቂም ነው» ብሎ ዳኛ ፊት ቢቆም፣ ይህ ቃል ፍርዱን ወዴት ይወስደዋል? ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ይህ የሕግ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከጎተራ ተነስቶ በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ አድርጎ እስከ ሃና ማርያም ያለው የንፋስ ስልክ ላፍቶ አገር የሠራተኛ አገር ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በቀለሙ፣ በአልኮሉ፣ በክሩ ፋብሪካ ደመወዝ ነው፤ ደብተራችን የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ነገ ደግሞ ዲግሪያችንን ይዘን ከነዚያው በሮች አንዱን የምናንኳኳ እኛው ነን። የሰፈሩ ስም ራሱ ለነገራችን ይመቻል። ንፋስ ስልክ መባሉ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የመጣ ነው። ዛሬም ቢሆን በምሳ ሰዓት በሹክሹክታ የተነገረ ቅሬታ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ የሚደርሰው ያለ ሽቦ ነው!

ወደ ታሪኩ እንግባ። ያገራችን ሰው ሙግት ይፈራ ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። «በሕግ አምላክ!» ብሎ መንገደኛ የሚያስቆም፣ በመንገድ ዳር ዳኛ ሰይሞ «ተጠየቅ» የሚል ሕዝብ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛው ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር። ልብ በሉ፦ ቁራኝነቱ እስከ ፍርዱ ነው። ፍርዱ ሲሰጥ ሰንሰለቱ ይፈታል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሠራተኛው ቢረታ ነገ ጠዋት የሚመለሰው ወደ ረታው ሰው ደጅ ነው። ቁራኝነቱ ከፍርዱ በኋላ ይጀምራል ማለት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን፤ በሥራ ቦታ ግን የተከሰሰውም አይረሳም። የሥራ ሕጋችን ታሪክ፣ ጠለቅ ብሎ ለሚያየው፣ ከዚህ ቁራኝነት ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ከሌሎች ውሎች ጎን አስቀመጠው። ሠራተኛና አሠሪ ሁለት እኩል ተዋዋዮች ሆነው ታዩ። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው ውሉ ሲፈርስ ሌላ ሰው ይቀጥራል፣ ሌላኛው ሲፈርስበት ልጆቹ ይራባሉ። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ይሰባሰብ የነበረው በአብዛኛው በእድርና በመረዳጃ ማኅበር ስም ነበር።

ከዚያ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በ1956 ዓ.ም. ፓርላማው አጽድቆት አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። በመካከሉ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር መንግሥት የዓለም የሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 87ንና 98ን ተቀበለ። ቁጥር 98 ሠራተኛን በማኅበር አባልነቱ ወይም በማኅበር ሥራው ምክንያት ማባረርን የሚከለክል ነው። እነሆ «ቂም» ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ዓይን ታየች። ነገር ግን ጥበቃው በዋናው ለማኅበር ሰው ነበር፤ ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። አሥራ አምስት ሰው በሚሠራበት ጋራዥ ለብቻው «ትርፍ ሰዓቴ አልተከፈለኝም» የሚለው ምስኪን በዚህ ጥላ ሥር አልገባም።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አንድነት ማኅበሩ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አራት ቀን ቆየ። ከዚህ አድማ ለኛ ርዕስ የሚጠቅመን አንድ ትምህርት አለ። ቂም አንድ ሰው ይፈልጋል። አሥር ሺሆች በአንድ ቀን አቤት ሲሉ ማንን ነጥሎ ማባረር ይቻላል? ሰው ተነጥሎ ሲያመለክት ነው ስሙ በቀይ እስክርቢቶ የሚሰመርበት።

ቀጥሎ የመጣው ነገር መራራ ነው። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ኩባንያዎችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በሌሎች 29 ላይ ከፍተኛውን ድርሻ ያዘ። አሠሪው መንግሥት ሆነ። «የሠራተኛው መንግሥት መጣ» ተባለ፤ እንግዲያው ሠራተኛ መንግሥትን ምን ብሎ ይከሳል? ራሱን ሊከስ ነው ወይ? አቤቱታ ሻጥር ተባለ፤ ቅር የተሰኘው አድኃሪ ተባለ። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. የአንድነት ማኅበሩን የአቋም መግለጫ ያሰራጩ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ገደሉ። ወር ሳይሞላ በከተማው የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ አዲሱ የሥራ አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በፈረሰው ማኅበር ቦታ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ከላይ ወደ ታች ተቋቋመ። በወረቀቱ ላይ ሠራተኛው ከስንብት ዋስትና አገኘ። የሚናገርበት አፍ ግን ታሰረ። ሕግ ብቻውን ቂምን እንደማይገድል ከዚህ የተሻለ ምስክር አንፈልግም።

በጄኔቭ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ እየበሰለ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት ገና በ1955 ዓ.ም. ሰኔ ባወጣው የማሳሰቢያ ሰነድ ቁጥር 119፣ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ የስንብት ምክንያት መሆን የለበትም አለ። በ1974 ዓ.ም. ሰኔ ይህን በስምምነት ቁጥር 158 አጠነከረው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው ጥር 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው። እየሰመጠ ባለ መርከብ ላይ የተፈረመ ወረቀት ነበር። ሆኖም ወረቀቱ አልሰመጠም።

ጥር 1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42 ሲወጣ ሐሳቡ በአንቀጽ 26 ቁልጭ ብሎ ተጻፈ። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156 ሲተኩት ሐሳቡ ሳይነካ አለፈ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው የማኅበር አባል መሆኑ፣ የሠራተኛ ተወካይ መሆኑ፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ፣ በፍርድ ወይም በሌላ ክርክር መካፈሉ፣ ብሔሩ፣ ጾታው፣ ሃይማኖቱ፣ የፖለቲካ አመለካከቱ፣ እርግዝናዋ፣ እነዚህ ሁሉ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆኑም። አሁን ብቻውን አቤት የሚለው የጋራዡ ሠራተኛም ጥላ ሥር ገባ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አይዳኝም። ቁጥር 42 በወጣ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 1985 ዓ.ም.፣ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። አዲሱ አንቀጽ 26 ለነሱ የሚከፈት በር አልነበረም። ሕግ ጥላ ነው ስንል ማን ሥሩ እንደቆመ ማን ውጭ እንደቀረ ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንዲት ልብስ ሰፊ እንውሰድ፤ ምሳሌ ናት እንጂ የምናውቃት ሰው አይደለችም። አምስት ዓመት ሠርታለች፤ በቀን 100 ብር ይደርሳታል። መጋቢት ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቃ ማመልከቻ ጻፈች። ሚያዝያ ላይ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው «ማመልከቻ ስለጻፍሽ» ይላል? ኧረ በጭራሽ! ሕጉ የስንብት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽ ይላል፤ አሠሪውም ይገልጻል። «በተደጋጋሚ በማርፈድሽ» ይላል። ቂም ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልብስ ለብሳ ነው የምትመጣው።

ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት ስትደርስ ሁለት በር ታገኛለች። የመጀመሪያው በር «ያረፈድሽው ተብሎ የቀረበው ምክንያት ሕጉን አይሞላም» የሚል ነው። ለምሳሌ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል፤ አሮጌ ማርፈድ ከመዝገብ ተቆፍሮ ቢወጣ ዋጋ የለውም። ይህን በር ለማለፍ ቀላል ነው፤ የማስረዳቱ ሸክም ያለው ምክንያቱን ባቀረበው በአሠሪው ላይ ነውና። ታዲያ በዚህ በር ገብታ ብትረታ ምን ታገኛለች? አንቀጽ 43 ምርጫውን ለዳኛው ይሰጠዋል፦ ወይ ወደ ሥራ ትመለስ፣ ወይ ካሣ ይከፈላት። ዳኛው «ግንኙነታቸው ሻክሯል፣ ብትመለስ ከባድ ችግር ይፈጠራል» ብሎ ካመነ፣ እሷ ልመለስ ብላ ብትለምንም፣ በካሣ ያሰናብታታል። ካሣው የቀን ደመወዟ በ180 ተባዝቶ 18,000 ብር፣ በዚያ ላይ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 6,000 ብር፤ ሌሎች የሚገቧት ክፍያዎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ረታች፤ ሥራዋን ግን አጣች። አሠሪው ተረታ፤ የፈለገውን ግን በ24,000 ብር ገዛ።

ሁለተኛው በር «የተባረርኩት አቤት በማለቴ ነው» የሚለው ነው። ይህን ካስረዳች ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 1 አሠሪው እንዲመልሳት ያስገድዳል። ካሣ ወስዶ መሄድ የሷ ምርጫ ነው እንጂ የሌላ የማንም አይደለም። «ግንኙነቱ ሻክሯል» የምትለዋ መውጫ ቀዳዳ የተሠራችው ለመጀመሪያው በር ነው፤ የቂም ስንብትን ስም አትጠራም። ይህም ፍትሐዊ ነው፤ ግንኙነቱን ያሻከረው ራሱ አሠሪው ሆኖ ሳለ ባሻከረው ነገር ሊጠቀም አይገባውምና። ከመመለሱ ጋር እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ፣ ጉዳዩ በይግባኝ ከጸና ደግሞ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ሊወሰንላት ይችላል።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ብቅ አለ። የቂም አቤቱታ ከተረጋገጠ የፍርዱን ዓይነት ይለውጣል፤ ገንዘብን ወደ ሥራ፣ የዳኛን ምርጫ ወደ ግዴታ ይለውጣል። ካልተረጋገጠስ? እዚህ ላይ ነው ቢላዋው በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑ የሚታየው። ቂሙን ለማስረዳት ሠራተኛዋ ምን ታቀርባለች? የተሰደበችበትን፣ ከሥራ ባልደረቦቿ የተነጠለችበትን፣ አለቃዋ የዛተባትን ቀን ትዘረዝራለች። ዳኛው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቂም መኖሩ ታይቷል፤ ግን የስንብቱ ምክንያት እሱ ለመሆኑ አልተረዳም» ቢል፣ ያው ምስክርነት ተገልብጦ «ይኸው ግንኙነታቸው ሻክሯል» ለሚለው ለአሠሪው ጠበቃ መሣሪያ ይሆናል። በሁለተኛው በር ሊያስገባት የነበረው ቃል በመጀመሪያው በር በካሣ ያስወጣታል። አንድ ቃል፣ ሁለት ፍርድ!

ምስክሩስ ከየት ይምጣ? ዛቻውን የሰሙት ባልደረቦቿ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ነገም እዚያው ይውላሉ። ሕጉ በክርክር የተካፈለን ሠራተኛ ከስንብት ይጠብቃል ብለናል፤ ስለዚህ ምስክሩም ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን ምስክሩ ቢባረር እሱም በተራው ምስክር ያስፈልገዋል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ሁሉም «አልሰማሁም፣ አላየሁም» ይላል። ለሙከራ የተቀጠረውማ ጭራሽ ጥጋት የለውም ለማለት ያስደፍራል፤ በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜው ውስጥ «ለሥራው አይስማማም» ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ይሸኛል። አዲስ ተመራቂ ሆይ፣ ይህ የኔና ያንተ የመጀመሪያ ሦስት ወር ነው።

ችግሩ ያገራችን ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀልን በ1935 በሠራተኛ ማኅበር ሕጋቸው፣ በ1964 ደግሞ በሲቪል መብት ሕጋቸው ከለከሉ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ የሥራ አድልዎን ለሚመረምረው መሥሪያ ቤታቸው ከሚቀርቡት አቤቱታዎች የብቀላ አቤቱታ አንደኛ ሆኗል፤ በ2020 ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ነበር። ከነሱ ልምድ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዋናው የአድልዎ ክስ ቢወድቅ እንኳ የብቀላው ክስ ብቻውን ቆሞ ሊረታ ይችላል፤ ሰውየው የተበደለው አቤት በማለቱ ነውና። ሁለተኛ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው በ2013 መለኪያውን ከፍ አደረገው፦ በዚያ በሲቪል መብት ሕግ የሚከስ ሠራተኛ «ባላመለክት ኖሮ ባልተነካሁ» ብሎ ማስረዳት አለበት። መለኪያው ትንሽ ከፍ ሲል ስንት ሰው ደጁ ላይ እንደሚቀር መገመት አያዳግትም። በቂም ክርክር ዋናው ነገር የሕጉ ቃል ብቻ ሳይሆን «ማን ያስረዳ? ምን ያህል ያስረዳ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ለኛ መልስ የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። በ1983 ዓ.ም. ጥር የተቀበልነው ያ ስምምነት ቁጥር 158 በአንቀጽ 9 የማስረዳቱ ሸክም በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አገሪቱ የተቀበለቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል። እነዚህን ሁለቱን ብናጋጥም መንገዱ ግልጽ ይመስለናል። ሠራተኛዋ ማመልከቻዋን፣ ቀኑን፣ ከስንብቱ ጋር ያለውን ቅርበት ታሳይ። ከዚያ ወዲያ «ለአምስት ዓመት ያልታየ ማርፈድ ከማመልከቻው በኋላ እንዴት ታየ?» የሚለውን አሠሪው ይመልስ። የሰው ልብ ውስጥ ያለን ቂም ከውጭ ሆና አውጪ ማለት ንፋስን በእጅ ጨብጪ ማለት ነው፤ የስንብት ፋይሉ ያለው በአሠሪው መሳቢያ ነው እንጂ በሷ ዘንቢል አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ግን ለወላጆቻችን፣ ለጎረቤቶቻችንና ለራሳችን ልንነግረው የሚገባ ነገር አለ፤ ታሪክ የምንጽፈው ለጌጥ አይደለምና። ቅሬታ በአፍ አይቅር፤ ተጽፎ ይግባ፣ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ከሥራ የተባረረ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስበት ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው፤ በሽምግልናና በ«ነገ ና» ማለቅ የለበትም። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ድሀ ነኝ ብሎ የሚቀር አይኑር። በክሱም ሁለቱም በሮች ይንኳኩ፦ «ምክንያቱ ሕጉን አይሞላም፤ እውነተኛው ምክንያትም አቤቱታዬ ነው» ይባል እንጂ አንዱን ይዞ ሌላውን አይጣል። ከሁሉም በላይ ሰው ብቻውን አያመልክት። ዛሬ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሰው አያስፈልግም፤ አሥር ይበቃል። ቂም አንድ ሰው እንደምትፈልግ ከ1966ቱ አይተናልና።

ያ የጥንቱ ቁራኛ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ይታሰሩ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሰንሰለቱን በጥሶ መሄድ አይችልም። የዛሬው ሠራተኛና አሠሪ የታሰሩበት ሰንሰለት ግን ቁልፉ በአንደኛው ኪስ ነው። ሕጉ ቁልፉን ወደ ዳኛው እጅ ለማምጣት ስድሳ ዓመት ደክሟል፤ ከፊል መንገድም መጥቷል። የቀረውን መንገድ የሚያስኬደው፣ አቤት ባይ ሲገኝ «ምን አገባህ» ከማለት «እኔም ሰምቻለሁ፣ እመሰክራለሁ» የሚል ሰው ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀጠር ከኛ መካከል ያ ሰው ይገኝ ይሆን?